በደህናው እግሯ የተጸለየላት ሴት

ቡታጅራ ውስጥ ጥሩወርቅን የማያውቅ ሰው ካለ፣ ወይ ትናንት ከመኪና የወረደ ነው ወይ ቆጮ አይበላም። ሁለቱም ያሳዝናል። ገበያው መግቢያ ላይ ቆጮ መሸጥ ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ድምጿ ከሩቅ ይሰማል፤ ሳቋ ደግሞ ከድምጿ ቀድሞ ይደርሳል። ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ምርኩዟን የምትይዘው ግን በቀኝ እጇ ነው። ሐኪም ቤት "ምርኩዝ በደህናው እግር በኩል ነው የሚያዘው" ብለው መክረዋት ነው። ይህን የግራና የቀኝ ነገር አደራ ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

እግሯን ምን እንዳገኘው የጠየቃት ሰው መልሱን ቆሞ አይጨርሰውም፣ ሳቅ ያስቀምጠዋል። የዛሬ አሥራ አራት ዓመት ለመስቀል ቸሃ፣ አባቷ ቤት ገብታ ነበር። ለእርድ የታሰበው በሬ የታሰበለትን ቢያውቅ ጊዜ ገመዱን በጥሶ ተነሣ። ጥሩወርቅ ደግሞ በሩ ላይ ቆማ "ያዙት! ያዙት!" ትላለች። የያዘው የለም፤ ጉልበቷን ረግጦ አለፈ። ወጌሻው መጣ፣ ጎተተው፣ አሸው፣ አዞረው፣ "አሁን ልክ ገባ" አለ። ልክ አልገባም። በሬው በማግስቱ ክትፎ ሆነ። "እኔም ተኝቼ ሁለት ጣባ በላሁት፤ ቂም እንዳልይዝበት ብዬ ነው" ትላለች።

የማያስቀውን ግን አታወራውም። በሬው በረገጣት በሦስተኛው ዓመት ባሏ ጌታቸው በጉበት በሽታ ሞተባት። ጌታቸው አናጢ ነበር። አልጋ ላይ ሆኖ የሠራው የመጨረሻ ሥራው ያ ምርኩዝ ነው። የወይራ እንጨት አስመጥቶ ጠረበላት። እጀታውን የእርግብ ራስ አደርገዋለሁ ብሎ ጀመረ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ዶሮ ሆና ወጣች።

"ጌታቸው፣ ይቺ እኮ ዶሮ ናት" አለችው።

"እርግብ ናት። ትንሽ ወፍራ ነው" አላት።

ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። በሳምንቱ ቀበረችው። ከዚያ ወዲህ ዶሮዋ ከእጇ ተለይታ አታውቅም ነበር።

ጥሩወርቅ ዝም የምትል ሴት አይደለችም፤ ይህንንም ያዙልኝ። አንድ እሑድ የአጥቢያቸው መጋቢ፣ ፓስተር ናትናኤል፣ መክሊቱን ስለቀበረው ባሪያ ሲሰብክ፣ "ወገኖቼ፣ የተቀበረ ነገር ምን ይጠቅማል?" ብሎ መድረኩን በቡጢ መታ። ከኋላ ወንበር ድምፅ መጣ።

"ኧረ ፓስተር! እኛ የተቀበረ አይደል እንዴ የምንበላው?"

"እህት ጥሩወርቅ..."

"እንሰቱ ተፍቆ ጉድጓድ ካልተቀበረ ቆጮ ከየት ይመጣል? ደግሞ በቆየ ቁጥር ነው የሚጣፍጠው!"

ጉባኤው በሳቅ ፈነዳ። ፓስተሩም ራሱ ጉራጌ ነውና መጽሐፍ ቅዱሱን ዘግቶ "እንዘምር" አለ።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ እግሯ ጉዳይ አፏ የተያዘው።

እግሩን የሚጎትት ሰው እንግዳ አገልጋይ በመጣ ቁጥር ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ ያውቀዋል። የአገልጋዩ ዐይን ጉባኤውን ዞሮ ዞሮ እሱ ላይ ያርፋል። ጥሩወርቅ ጸሎት ጠልታ አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከጌታ ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ይሰማታል። "ጌታዬ፣ እግሬን ብትፈልግ ፈውሰው። ካልፈለግህም ምን ልትሠራበት እንዳሰብህ ንገረኝ። እንዲሁ ለምንም መጎተቱ ሰለቸኝ" ትለዋለች። ይቺ ጥያቄዋ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ መልስ አላገኘችም። ሰው ፊት ወጥቶ መታየት ግን ያሳፍራታል፤ እንግዳ ሲመጣ ምሰሶ ፈልጋ ከኋላው ትቀመጣለች።

ባለፈው ጥር በተደረገው ኮንፈረንስ ምሰሶዋን ሌላ ሰው ቀድሞ ይዞባታል። እንግዳው ወንድም በኃይሉ የሚባል ወጣት ነበር። ቅን ልጅ ነው፣ ሐሜት እንዳይሆንብኝ፤ ሰው ሲያይ ከልቡ የሚያዝን። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሎ ሳለ ጣቱን ዘረጋ።

"እዚያ ጋ፣ ሰማያዊ ሻሽ ያሰሩት እናቴ! ይምጡ!"

ሁለት አስተናጋጆች ደግፈው አወጧት። በኃይሉ አልጠየቃትም። ምርኩዙን በቀኝ እጇ አየ፤ ቀኝ ነው ብሎ ደመደመ። መድረኩ ላይ ተንበርክኮ የቀኝ ጉልበቷን፣ ያንን ዕድሜውን ሙሉ ራስ ምታት እንኳ የማያውቀውን ጉልበት፣ በሁለት እጁ ጭምቅ አደረገው።

"ወንድሜ፣ እኔ እኮ..." አለች ጥሩወርቅ።

"አይናገሩ እናቴ! ማመን ብቻ!"

"አይ፣ ነገሩ..."

"ማመን ብቻ!"

ቀና ብላ ጉባኤውን አየች። አንድ ሺህ ዐይን። ጎንበስ ብላ ልጁን አየች፤ እንባው ቀሚሷን አርሶታል። ይህን ሁሉ እንባ ያፈሰሰ ሰው በማይክራፎን ፊት "ተሳስተሃል፣ በወዲያኛው ነው" ይባላል? ለእግዚአብሔር አገልጋይ? ይሉኝታ ቀፍድዶ ያዛት። ቆይቼ በጆሮው እነግረዋለሁ አለች በልቧ። በኃይሉ ግን ብድግ ብሎ ምርኩዙን ነጠቃት።

"አሁን ይራመዱ!"

እውነቱን ለመናገር ጥሩወርቅ ጥቂት እርምጃ ያለ ምርኩዝ ድሮም ትራመዳለች፤ በየማለዳው ከአልጋዋ እስከ ቁም ሣጥኗ ስምንት እርምጃ ነው። መድረኩ ላይ ስምንት ተራመደች። በዘጠነኛው ጉልበቷ ከዳትና መዘምራኑ ላይ ተዘረረች። መዘምራኑ ደስታው ነው የጣላት ብለው አቅፈዋት መዝለል ጀመሩ። ኪቦርድ መቺው መዝሙሩን አነሣው። እልልታው እስከ መናኸሪያ ተሰማ። ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ጥሩወርቅ ከመዘምራኑ ሥር "ቀስ! ቀስ! ግራዬን!" ትላለች፤ ማን ሰምቷት።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። የዝምታ ወለምታም ያው ነው። ጉባኤው ሲበተን በር ላይ ፓስተር ናትናኤልን ጠብቃ "ፓስተር፣ ያቺን ምርኩዜን..." ከማለቷ፣ ፓስተሩ እጇን ጨብጦ "ምርኩዙማ ከእንግዲህ ምስክር ነው!" አላት። በማግስቱ እሑድ ስትመጣ መድረኩ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በትልቅ ምስማር ተሰቅላ አገኘቻት። ዶሮዋ ስብከቱ ተጀምሮ እስኪያልቅ ከላይ ሆና አፈጠጠችባት።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ሦስት ሳምንታት ለጠላቴም አልመኝ። የዳነች ሴት ምርኩዝ አትይዝም፤ ስለዚህ ጥላ ገዛች። ደመና በሌለበት፣ ፀሐይም ባልበረታበት ሰዓት፣ የታጠፈ ጥላ ተመርኩዛ ስትሄድ ቡታጅራ አየ፤ ምንም አላለም። የጥላው ጫፍ በሳምንቱ ተሰበረ። ወልቂጤ መምህርት የሆነችው ልጇ ረድኤት ደወለች።

"እማዬ! ቪዲዮሽን አየሁት! ትምህርት ቤት ሁሉም አይተውታል!"

"እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ።"

"ግን እማዬ፣ የታመመው ግራሽ አልነበረም እንዴ?"

"ሃሎ? ሃሎ? ኔትወርኩ ይቆራረጣል" አለችና ዘጋችው። ኔትወርኩ እንደዚያን ቀን ጥርት ብሎ አያውቅም።

ከሁሉ የባሰው ግን የመንገዱ ነገር ነው። ከቤቷ እስከ ገበያው ደህና ሰው አሥራ አምስት ደቂቃ ይሄዳል። ጥሩወርቅ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅባት ነበር፣ አምስት ቦታ ስለምታርፍ። አምስቱም ጋ በርጩማዋ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። ልብስ ሰፊው ሸረፋ ደጃፍ አንድ፣ በርበሬ የምትሸጠው ሰፍያ ደጃፍ አንድ፣ እያለ ይቀጥላል። በተለይ ሰፍያ፣ "አሰላሙ አለይኩም፣ ደግሞ መጣሽ አንቺ ዘላን!" እያለች በርጩማውን በቀሚሷ ጫፍ ጠረግ አድርጋ ነው የምታስቀምጣት። አሁን ግን የዳነች ሴት መንገድ ላይ እየተቀመጠች ታርፋለች? አታርፍም። ስለዚህ ጥሩወርቅ በባጃጅ መመላለስ ጀመረች። በሰፍያ ደጃፍ ስታልፍ አንገቷን ወደ ሌላ በኩል ታዞራለች፤ አይታኝ ከጠራችኝ መውረዴ ነው፣ ከወረድኩ መነሣት አልችልም እያለች። አንድ ቀን ዞር ብላ ስታይ በርጩማው የለም። ሰፍያ ወደ ቤት አስገብታዋለች። የዚያን ቀን ቆጮ እያለ "አልቋል" ብላ ወደ ቤቷ ገባች።

በሦስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በሯ ተንኳኳ። አንዲት ሠላሳ አምስት ዓመት የሚሆናት ሴት በሁለት ክራንች ቆማለች። ከቡኢ በሚኒባስ መጥታ፣ ከመናኸሪያው እስከዚህ ድረስ ሰው እየጠየቀች በእግሯ ነው የደረሰችው። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል።

"ቪዲዮው ላይ ያሉት እርስዎ ነዎት?"

"ግቢ ልጄ፣ ግቢ።"

ሴትዮዋ ተቀምጣ ትንፋሿን ሰበሰበች። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። እኔን አራት አገልጋይ ጸልዮልኛል። ጾሜያለሁ። እርስዎን ካየሁ በኋላማ እኔም አምኜ ክራንቼን ወረወርኩና ተራመድኩ።" ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ አሳየቻት፤ የፊት ጥርሷ የለም። "የእኔ እምነት ምኑ ነው የጎደለው? እርስዎ ምን ብለው ነው ያመኑት? አይደብቁኝ።"

ጥሩወርቅ በሕይወቷ ብዙ ነገር ረግጧታል፣ በሬ ጭምር። እንደዚያን ቀን ግን ተረግጣ አታውቅም። ያቺ የጎደለች ጥርስ በእሷ ዝምታ ነው የጎደለችው። አፈረች። አፈረችና ተንገበገበች፤ ለአንድ ወጣት ብላ የያዘችው ይሉኝታ ይቺን ምስኪን መሬት ላይ ደፋት።

"ልጄ፣ ስሚኝ" አለች። "እምነትሽ ምንም አልጎደለውም። ያ ልጅ የጸለየልኝ በደህናው እግሬ ነው።"

"ምን?"

"በደህናው! በቀኙ! የታመመው ይኸውልሽ!" ቀሚሷን ገልጣ የግራ ጉልበቷን አሳየቻት።

ሴትዮዋ ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ የጥሩወርቅን ፊት አየች። "ታዲያ ለምን አልነገሩትም?"

"ማልቀሱ አሳዘነኝ!"

የቡኢዋ ሴት አፏን በነጠላዋ ያዘች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጥሩወርቅ ያለቀሰች መስሏት ልታቅፋት ስትል ሳቋ አመለጠ። ከዚያ ሁለቱም ሳቁ፣ እስኪያማቸው ሳቁ። ሳቁ መሐል ላይ ግን የሴትዮዋ ለቅሶ እውነት ሆነ።

"እንግዲያው ሁለታችንንም ረስቶናል ማለት ነው?" አለች።

ጥሩወርቅ ስብከት አታውቅም፤ የምታውቀው ቆጮ ነው። "ጉድጓድ ውስጥ ያለ ቆጮን ብትጠይቂው ተረስቻለሁ ይልሻል። ጨለማ ነው፣ ይሸታል፣ ድንጋይ ተጭኖበታል። የቀበረችው ሴት ግን ቀኑን ትቆጥራለች። ቦታውንም አትስትም። ይህን የምልሽ ከጉድጓዱ ወጥቼ እንዳይመስልሽ፤ እኔም እዚያው ነኝ" አለቻት። "ዛሬ እዚህ ታድሪያለሽ። ነገ ቸርች አብረን እንሄዳለን።"

እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ጥሩወርቅ ጫፉ በተሰበረ ጥላዋ እያነከሰች መድረክ ወጣች። ከዛሬ ወዲያ በቤተ ክርስቲያኗ ፊት ውሸታም ሆኜ እኖራለሁ ብላለች በልቧ። የቡኢዋ ሴት ከፊት ተቀምጣለች። ዶሮዋ ከግድግዳው ታያታለች።

"ወገኖቼ፣ አልዳንኩም" አለች። "የታመመው ግራዬ ነው። የተጸለየለት ቀኙ ነው። ቀኙ እርግጥ በጣም በርትቷል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ ግን ሰው ላለማሳፈር ብዬ በእግዚአብሔር ላይ ዋሸሁ። አንዲት እህቴንም በውሸቴ ጣልኳት። ይቅር በሉኝ። እግሬ ለምን እንዳልዳነ አላውቅም። ጌታ ግን ሳነክስም አብሮኝ ያነክሳል፤ ይህን ነው የማውቀው። ጌታቸው የሠራልኝን ምርኩዝ ስጡኝ።"

ከዚያ በስተግራ አንድ ሽማግሌ ጉሮሮውን ጠረገና ተነሣ።

"እኔም ያን ዕለት አይቼ ነበር። ግራ አልነበረም እንዴ ብዬ... ግን ምናልባት እኔ ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ነው..."

"እኔም አይቻለሁ!" አለች ከመዘምራኑ አንዷ። "ወድቃብኝ 'ግራዬን' ስትል ሰምቻለሁ!"

"እኔም!" "እኔም!" ከየአቅጣጫው እጅ ተነሣ። ለካስ አዳራሹ በሙሉ ያውቃል! አሥራ አራት ዓመት በየሳምንቱ ሲያነክስ ያዩትን እግር እንዴት ይስቱታል? ሁሉም አውቆ፣ ሁሉም በይሉኝታ አፉን ይዞ ነው እልል ያለው። መጨረሻ ላይ ፓስተር ናትናኤል ማይክራፎኑን ተቀበለ። ፊቱ በርበሬ መስሏል።

"እኔ ደግሞ" አለ፣ "ምናልባት ቀኙንም ያማቸው ይሆናል ብዬ ነበር።"

ሳቁን ተዉት! ቆርቆሮው እስኪነሣ ተሳቀ። ፓስተሩ ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ ምርኩዟን ከምስማሩ አወረደና በሁለት እጁ ሰጣት። "ይቅር ይበሉን፣ እህት ጥሩወርቅ" ሲላት እየሳቀ ዐይኑ እንባ ሞልቷል። ወንድም በኃይሉም በስልክ ሲነገረው፣ "ሁለተኛ ሳልጠይቅ የሰው ጉልበት አልይዝም" አለ አሉ። የቡኢዋ ሴት ክራንቿን ብብቷ ሥር አድርጋ፣ ከሁሉም በላይ ጮኻ እልል አለች።

ጥሩወርቅ እሷን በሚኒባስ አሳፍራ፣ ዶሮዋን በቀኝ እጇ ጨብጣ፣ በእግሯ ወደ ቤቷ አመራች። ሰፍያ ደጃፍ ስትደርስ ቆመች። ሰፍያ በርበሬዋ መሐል ተቀምጣ ቀና አላለችም።

"ሰፍያ፣ በርጩማዬስ?"

"የዳነ ሰው በርጩማ ምን ያደርግለታል? በባጃጅ ሽው ትያለሽ አይደል።"

"አልዳንኩም እኮ።"

ሰፍያ ቀና አለች። ምርኩዙን አየች፣ ግራ እግሯን አየች። "ወላሂ አልዳንሽም?"

"አልዳንኩም።"

"አልሐምዱሊላህ!" ብላ ጮኸች ሰፍያ፤ ወዲያው አፏን ያዘች። "አስተግፊሩላህ፣ ምን አልኩ? ግን እንኳን አልዳንሽ! ሦስት ሳምንት ሙሉ የማናግረው ሰው አጥቼ ልፈነዳ ነው!" እየሮጠች ገብታ በርጩማውን አመጣች፣ በቀሚሷም ጠረገችው። "አንቺ ስታርፊ ነው እኮ እኔ የማወራው። ሌላው ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ሸረፋም ትናንት እንደዚሁ ሲል ነበር። እግር ያለው ሰው መች ይቀመጥልሻል?"

ጥሩወርቅ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አሥራ አራት ዓመት አልጋ ጫፍ ላይ የጠየቀችው ጥያቄ ነው የተመለሰላት፣ ያውም በርበሬ ነጋዴ አፍ። አምስት በርጩማ፣ አምስት ደጃፍ። የደከማት መስሏት የተቀመጠችበት ሁሉ ሰው የሚጠብቃት ቦታ ነበር። "እግዜር ሳይደግስ አይጣላም አሉ" አለች በቀስታ፤ እንባዋ ዶሮዋ ራስ ላይ ጠብ አለ።

"ምን አልሽ?"

"ምንም። አንቺስ ምን ሆነሽ ነው ልትፈነጂ የደረስሽው?"

ሰፍያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ዐይኔን ሞራ ጋርዶታል አሉኝ። ቀዶ ጥገና ነው። ለልጆቼም አልነገርኩም። ፈራሁ፣ ጥሩዬ፣ በጣም ፈራሁ።"

ጥሩወርቅ እጇን ያዘቻት። "ቆይ፣ የትኛው ዐይንሽ ነው?"

"ግራው።"

"አብሬሽ እሄዳለሁ። በር ላይ ቆሜ 'ግራው ነው! ግራው!' እያልኩ እጮኽላቸዋለሁ። ከእንግዲህ ለማንም ዝም አልልም።"

ሰፍያ እያለቀሰች ሳቀች። ጥሩወርቅ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋደመች፣ የታመመውን እግሯን ዘረጋች፣ በርጩማው ላይም ተደላድላ ተቀመጠች።

"በይ ንገሪኝ" አለች፣ "ከመጀመሪያው። እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።"